የእናቴ ተረከዝ

ቁስሉን ያየሁት እሁድ ጠዋት ነው። አስታማሚያችን ከ3 ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እረፍት ወጥታ ስለነበር፣ እናቴን የማጠብ ተራው የእኔ ሆነ። ግራ እግሯን ከፍ አድርጌ ካልሲዋን ላወልቅ ስል ካልሲው ተረከዟ ላይ ተጣብቆ አልወጣ አለኝ። ለብ ባለ ውሃ አርሼ ቀስ ብዬ ሳላቅቀው ከስሩ የሳንቲም ስፋት ያለው፣ ዳር ዳሩ የጠቆረ፣ መሃሉ የረጠበ ቁስል ብቅ አለ። እናቴ ምንም አላለችም። ያጋጠማት ስትሮክ በዚያ በኩል ስሜቷን ስለወሰደባት አላመማትም። እኔ ግን እግሯን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጥኩበት መነሳት አቃተኝ።

ይህን የምጽፈው እናቱን ወይም አባቱን ቤት ውስጥ በሰው እጅ ለሚያስታምም ሰው ነው። እኛ በቁስል የተማርነውን ሌላው ሳይቆስልበት ቢያውቀው ብዬ ነው።

እናቴ ከሆስፒታል ስትወጣ ግራ እጇና ግራ እግሯ አይታዘዟትም፣ ንግግሯ ይንተባተባል፤ አእምሮዋ ግን ሙሉ ነበር። «ነገ ትወጣለች» ሲሉን እኔና ታላቅ ወንድሜ ሰው ፍለጋ ተሯሯጥን፣ በሰው በሰው አንዲት ልጅ አገኘን። ስትመጣ የጠየቅናት የት እንደሠራች፣ ማን እንደሚያውቃት፣ ስንት እንደሚከፈላትና ማደር ትችል እንደሆነ ነው። ሰው ከአልጋ ወደ ዊልቸር አውርዳ ታውቅ እንደሆነ አልጠየቅናትም። መገላበጥ የማይችል በሽተኛ እንዴት እንደሚገላበጥ «እስቲ አሳዪን» አላልናትም። ለነገሩ ብታሳየንም ትክክል ይሁን ስህተት አናውቅም ነበር። ፊቷ ደግ ነበር፣ ልቧም ደግ ነው። እናቴን «እማማ» እያለች ስታጫውታት፣ ጸጉሯን ስታበጥርላት አየሁና ተመስገን አልኩ።

ቁስሉን ለማየት የመጣችው ነርስ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ብርድ ልብሱን ገልጣ የእናቴን አተኛኘት ማየት ነበር። እናቴ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ሁለቱም ተረከዞቿ ፍራሹ ላይ አርፈዋል። ነርሷ ጣቷን በተረከዟና በፍራሹ መካከል ልታስገባ ሞክራ አልገባላትም። «አየሽ፣ አጥንቱ ከውስጥ፣ ፍራሹ ከውጭ ቆዳውን መሃል ላይ ይዘውት ደም አያልፍም» አለችኝ። ጤነኛ ሰው እንቅልፍ ላይ እያለም ሳያውቀው ይገላበጣል፤ አንዱን ጎን ሲደክመው በሌላው ይዞራል። እናቴ ያንን ማድረግ አትችልም፣ የሚቆረቁራትንም በዚያ ጎኗ አትሰማም። ስለዚህ የምትዞረው ሌላ ሰው ሲያዞራት ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የሚባለው በየ2 ሰዓቱ ነው፤ እንደ ሰውየው ቆዳና እንደ ፍራሹ ዓይነት ግን ሐኪሙ ወይም ነርሷ ሊያሳጥሩትም ሊያረዝሙትም ይችላሉ። ዊልቸር ላይ ሲቀመጡ ደግሞ የሰውነት ክብደት ሁሉ መቀመጫ ላይ ስለሚያርፍ ከዚያም ቶሎ ቶሎ ማነቃነቅ ያስፈልጋል።

ተረከዝን ለማትረፍ ትራሱ የሚገባው ከተረከዙ ስር አይደለም፤ ከባቱ ስር በቁመቱ ይደረግና ተረከዙ አየር ላይ ይንሳፈፋል። እኛ ግን ትራስ ስናደርግላት ልክ ተረከዟ ስር ነበር የምናደርገው፣ የተመቻት መስሎን። በጎን ስትተኛም ሙሉ በሙሉ ዳሌዋ አጥንት ላይ አናስተኛትም፤ ጀርባዋ ላይ ትራስ ደግፈን ትንሽ ዘንበል እናደርጋታለን። ወደ ላይ ስናወጣት ብብቷን ይዘን መጎተት አቆምን። ከስሯ በተነጠፈ የታጠፈ አንሶላ ሁለት ሆነን እናነሳታለን፤ ምክንያቱም ቆዳ የሚቆስለው በመጫን ብቻ ሳይሆን በመፈተግም ነው። የቀላ ወይም የጠቆረ ቦታ ስታዩ ደግሞ አትሹት። እኔ «ደም እንዲዘዋወር» ብዬ ቅባት ቀብቼ ማሸት ጀምሬ ነበር፤ ነርሷ እጄን ያዘችኝ። ውስጡ የተጎዳን ሥጋ ማሸት ጉዳቱን ያባብሰዋል።

አንድ ነገር ላስረዝምበት፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ስለ አልጋ ቁስል የሚጻፈው ምክር ብዙ ጊዜ «መቅላት ፈልጉ» ይላል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። የምትፈልጉት ከአካባቢው ቆዳ የጨለመ ወይም ቀለሙ የተለየ ቦታ ነው። በእጅ ጀርባ ስትነኩት የሚሞቅ ወይም የሚቀዘቅዝ፣ ሲጫኑት የደደረ ወይም እንደ ሊጥ የለሰለሰ ይሆናል። ነርሷ እጄን ይዛ የቀኙን ተረከዝ፣ ቀጥላ የግራውን፣ ከዚያ የወገቧን መጨረሻ አጥንት አስነካችኝ። የወገቧ አጥንት ላይ ያለው ቆዳ ይሞቅ ነበር። ገና አልተከፈተም። እሱን ያዳንነው በእጅ ጀርባ ስለነካነው ነው፤ በዓይን ብቻ ቢሆን አናየውም ነበር።

ልጅቷ ከእረፍቷ ስትመለስ ተቆጥቼ ነበር የጠበቅኳት። ካልሲውን አሳየኋት። አቀርቅራ ዝም አለች፣ ቆይታ «እትዬ፣ ረቡዕ ዕለት አይቼዋለሁ» አለችኝ። ያኔ ገና ውሃ የቋጠረ ነበር። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት ወዲያው አልመለሰችልኝም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት እናቴን ስታበላት ሾርባ ደፍታባት እኔ ጮኼባት ነበር፤ «ተጠንቀቂ አላልኩሽም ወይ! ካልቻልሽ ንገሪኝና ሰው እፈልጋለሁ» ብያት ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ። እሷ አልረሳችውም። ቁስሉን ስታይ «አሁንስ ታባርረኛለች» ብላ በፋሻ ጠቅልላ ካልሲ አለበሰችበት፣ በራሷ መንገድ ልታድነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ የሚሰጥ እንክብካቤ ደህና ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በአንድ ጥያቄ እለካዋለሁ፤ ስህተት ሲፈጠር የሚነግረኝ አለ ወይ? ሆስፒታል ውስጥ ዋርድ የሚዞር ሐኪም አለ፣ ፈረቃ ሲቀየር የሚያይ ሌላ ዓይን አለ። ቤት ውስጥ በር ይዘጋል፤ ከበሽተኛውና ከአስታማሚዋ በቀር ማንም የለም። ያቺ ሴት የምትፈራኝ ከሆነ ደግሞ ዓይኔን በገዛ እጄ አጥፍቻለሁ ማለት ነው። ይቅርታ ጠየቅኳት። የነገረችኝ ሁሉ አያስቆጣኝም፣ የደበቀችኝ ነው የሚያስቆጣኝ አልኳት። ለማመን ጊዜ ወሰደባት፣ አልፈርድባትም።

ሌላም ጥፋት ነበረብን። ልጅቷ 3 ሳምንት ሙሉ እናቴ ክፍል ውስጥ እያደረች ሌሊት 3 ጊዜ፣ 4 ጊዜ ትነሳ ነበር። ቀን ደግሞ «እግረ መንገድሽን» እያልን የቤት ሥራ ጨምረንባታል። እንዲህ የደከመ ሰው ዊልቸሩን ሳያቆልፍ ያነሳል፣ መድኃኒት ሁለቴ ይሰጣል፣ መገላበጥ የነበረበትን ሰው ረስቶ ይተኛል። ወንድሜ በሳምንት 2 ሌሊት፣ እኔ 2 ሌሊት መውሰድ ስንጀምር ብዙ ነገር ያለ ምንም ትምህርት ተስተካከለ። ቁስሉ ለመዳን ከ3 ወር በላይ ፈጀ።

እሷ በቤተሰቧ ጉዳይ ወደ አገሯ ስትመለስ ሁለተኛዋን ያገኘነው በድርጅት በኩል ነው። የምስክር ወረቀት ነበራት፣ ሥራዋም የተማረ ሰው ሥራ ነበር። ጓንት ታደርጋለች፣ አንሶላው አንድም እጥፋት የለውም። እኔም ልቤ አረፈ። ግን እናቴ ተቀየረች። ልጅቷ ወደ ክፍሉ ስትገባ እናቴ ጤነኛ እጇን ደረቷ ላይ ታጥፋለች። መጀመሪያ ላይ አዲስ ሰው ስለሆነች ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ግራ ክንዷ ላይ፣ ከብብቷ ዝቅ ብሎ፣ የአውራ ጣት ስፋት ያለው የበለዘ ቦታ አየሁ፤ ትከሻዋንም ስነካት ፊቷን ታጨማድዳለች።

በዚህ ጊዜ አልጮህኩም። እናቴ የደም ማቅጠኛ ትወስድ ስለነበር በትንሽ ነገር ልትበልዝ ትችላለች፤ ሰው መክሰስ ቀላል ነው፣ መመለስ ግን ከባድ ነው። ምልክቱን ከነቀኑ ጽፌ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ለሐኪሟ ደወልኩ። ከዚያ እናቴን ብቻዋን ሆና ጠየቅኳት። «መታችሽ?» አላልኩም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው የሚያስመልሰው። «ስትነሺ እንዴት አድርጋ ነው የምታነሳሽ?» አልኳት። እናቴ ቃላቱን እየፈለገች «ዝም ብላ... ሳትነግረኝ... ጎተት» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ቀርቼ አየሁ። ጭካኔ አልነበረም። ልጅቷ ሳትናገር ትገባለች፣ ብርድ ልብሱን ትገፍፋለች፣ ሽባ የሆነውን ክንድ ይዛ ሳብ አድርጋ ታስቀምጣታለች። ፊዚዮቴራፒስቱ በኋላ እንዳስረዳን፣ ከስትሮክ በኋላ በደከመው ጎን ትከሻውን አቅፈው የሚይዙት ጡንቻዎች ስለሚላሉ ክንዱ ሲጎተት መገጣጠሚያው ከቦታው ሊወርድ ይችላል፤ ሕመሙም ለወራት ይከተላል። ስለዚህ በሽተኛን በዚያ ክንድ አታንሱ፣ ከብብት ስር ገብታችሁም አትጎትቱ። ልብስ ስታለብሱ መጀመሪያ የደከመውን እጅ አስገቡ፣ ስታወልቁ መጀመሪያ ጤነኛውን አውጡ። ይህን በአንድ ቀን ትለምዱታላችሁ፣ ለትከሻው ግን ትልቅ ነገር ነው።

ለድርጅቱ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሰው «ቅሬታ እስካሁን ደርሶብን አያውቅም» አለኝና ሌላ ሰው ልኮ ነገሩን ሊዘጋው ፈለገ። እኔ የፈለግኩት ልጅቷን የሚያስተምራት ሰው ነበር፤ ወደሚቀጥለው ቤት ሄዳ ያንኑ ክንድ እንዳትጎትት። የሚያስተምር ሰው እንደሌላቸው ያኔ ነው የገባኝ። ከድርጅት ከመዋዋላችሁ በፊት የምትጠይቁት እዚህ ላይ ነው፦ ሠራተኛዋ ቤታችን ስትሠራ ማን መጥቶ ያያታል? በየስንት ጊዜው? ስትታመም የምትተካት እናቴን ቀድማ አይታታለች ወይስ በዚያው ጠዋት ነው የምትተዋወቃት? ቅሬታ ሲኖረኝ የሚሰማኝ ማን ነው፣ በስንት ቀን ይመልስልኛል? የእንክብካቤው ዝርዝር ተጽፎ ይሰጠኛል ወይ? መልሱ «አያስቡ፣ ሁሉም ሠራተኞቻችን ብቁ ናቸው» ብቻ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ሦስተኛዋን ስንቀጥር ወረቀቷን ካየን በኋላ፣ ሁለቱን የቀድሞ አሠሪዎቿን ደውለን ካናገርን በኋላ፣ ግማሽ ቀን ከፍለናት አብራን እንድትውል አደረግን። እናቴም መራጭ ነበረች፤ ገላዋን የምትሰጠው እሷ ናትና። ልጅቷ ገብታ አልጋው አጠገብ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗ ከእናቴ ዓይን ጋር ትክክል እስኪሆን ዝቅ አለችና «እማማ፣ አሁን ወደ መስኮቱ ላዞርዎት ነው። በደህና እጅዎ የአልጋውን ዳር ይያዙልኝ። በሦስት፦ አንድ፣ ሁለት...» አለች። እናቴ ራሷ «ሦስት» አለች። ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ሰውነቷ ላይ ሲሠራ አብራ የሠራችው ያን ቀን ነው።

ገላ ስታጥባት ደግሞ ገንዳው ውስጥ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ቀድታ ቀጥላ ሙቁን ጨመረች፣ ከዚያ ጓንቷን አውልቃ ክርኗን አስገባች። እናቴ በግራ ጎኗ ሙቀት አትለይም፤ የሚያቃጥል ውሃ ብናፈስባት አትጮህም። ስለዚህ የአስታማሚዋ ክርን የእናቴ ቆዳ ነው። የሚታጠበው ቦታ ብቻ ይገለጣል፣ ሌላው በፎጣ እንደተሸፈነ ነው። በመጀመሪያ ፊት፣ በመጨረሻ ከወገብ በታች፤ ከፊት ወደ ኋላ እንጂ ከኋላ ወደ ፊት አይጠረግም፣ ጀርም ወደ ሽንት መውጫ እንዳይሄድ። ዳይፐር ቀይራ በዚያው ጓንት ወደ ምግብ የሄደች ሰው ካያችሁ አስቁሟት። ያልተቀየረ ጓንት የለባሿን እጅ ያድናል፣ በሽተኛውን አያድንም፤ ሲወልቅም እጅ በሳሙና ቢያንስ 20 ሰከንድ መታጠብ አለበት።

ስለ ማብላት አጭር ላድርገው። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በትንሽ በትንሹ፣ የመጀመሪያው ጉርሻ ሳይዋጥ ሁለተኛው ሳይከተል። ከበሉ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ አይተኙም። በደከመው ጉንጭ ውስጥ ምግብ ተወሽቆ ስለሚቀር አፏን አስከፍታችሁ እዩ። እየበላች የምታስል ወይም ድምፅዋ እንደ ውሃ የሚንቦጫረቅ ከሆነ ምግቡ ወደ ሳንባ እየሄደ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ንገሩ። መድኃኒትም መዋጥ ሲያቅታት «እንፍጨው» ከማለታችሁ በፊት ፋርማሲስት ጠይቁ፤ ቀስ እያለ ሰውነት ውስጥ እንዲለቀቅ ተብሎ የተሠራ ኪኒን ከተፈጨ የቀኑ ሙሉ መጠን በአንዴ ይገባል።

ደብተር መያዝን ያመጣችው ይህችው ሦስተኛዋ አስታማሚ ናት። ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ነው፣ አልጋው ራስጌ ተንጠልጥሎ። ስንት ሰዓት ወደ የት ዞረች፣ ምን ያህል በላች፣ ስንት ብርጭቆ ውሃ ጠጣች፣ ሽንት፣ ዓይነ ምድር፣ መድኃኒት በማን እጅ ተሰጠ፣ ቆዳዋ ምን ይመስላል። እኔም ወንድሜም በተራችን እንጽፋለን። መጀመሪያ ላይ ወረቀት ማብዛት መስሎኝ ነበር። ከወራት በኋላ አንድ ማክሰኞ እናቴ እኔን በሟች እህቷ ስም ጠራችኝ። ሰው «እርጅና ነው፣ አእምሮዋ መድከም ጀመረ» አለ። ደብተሩን ስንገልጥ ግን እሁድ 3 ብርጭቆ ውሃ፣ ሰኞ 2 ብርጭቆ፣ ሽንቱ የጠቆረና ጠንካራ ሽታ ያለው ተብሎ ተጽፏል። ደብተሩን ይዘን ሐኪም ጋ ሄድን፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተገኘባት። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት፣ በድንገተኛ መደናገር ብቻ ሊመጣ ይችላል። በሕክምናው በቀናት ውስጥ ስሜ ተመለሰላት። በሁለት ቀን የተቀየረ አእምሮ ስታዩ እርጅና ብላችሁ አትተዉት።

ስለ ገንዘብና ዕቃ ሰው መናገር ያፍራል፣ ግን መነገር አለበት። የእናቴን ጌጥ ከቤት አውጥተን አስቀመጥን፤ አስታማሚዋ የምትገዛው ነገር ካለ ደረሰኙ ደብተሩ ውስጥ ይገባል። ይህን የምናደርገው እሷን ጠርጥረን እንዳልሆነ በመጀመሪያው ቀን ነግረናታል። አንድ ነገር ቢጠፋ መጀመሪያ የምትጠረጠረው እሷ ስለሆነች ወረቀቱ የእሷም መከላከያ ነው። ካሜራ እንግጠም ያለን ዘመድ ነበር። እናቴ ራቁቷን የምትታጠብበት ክፍል ስለሆነ እሷን ጠየቅናት፤ ራሷን ነቀነቀች፣ ቀረ። በምትኩ ሰዓት ሳንናገር ብቅ እንላለን፣ ይህንንም አስታማሚዋ ታውቃለች።

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ሥራ ላይ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። «እትዬ፣ አጥፍቻለሁ» አለችኝ። እናቴን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ስታወርዳት አንዱን ፍሬን ሳትቆልፍ ዊልቸሩ ሸሸ፤ እናቴን ደረቷ ላይ ደግፋ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠቻት። እናቴ ጭንቅላቷን አልተመታችም፤ ልጅቷም ብቻዋን ልታነሳት አልሞከረችም፤ ትራስና ብርድ ልብስ አድርጋላት፣ አጠገቧ ተቀምጣ ነው የደወለችልኝ። ልቤ እየመታ ወንድሜን ይዤ ደረስኩ። እናቴ ወለሉ ላይ ተደግፋ የልጅቷን እጅ ይዛ ነበር። የሚያማት ቦታ እንደሌለ አይተን በአንሶላው አነሳናት፣ ለሐኪሟም ደወልን። ማታ ደብተሩን ስገልጥ የእሷ ጽሕፈት ነበር፦ «4፡20፤ ፍሬን ረሳሁ። እማማ ወለሉ ላይ ወረዱ። አልተመቱም። ለእትዬ ነግሬያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱንም ፍሬን በእጄ ነክቼ ነው የማነሳቸው።» ከስሩ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው፦ «ተረከዝ ደህና። ወገብ ደህና።»